በማታውቁት ከተማ ታክሲ መያዝ፦ በሜትር ወይስ በስምምነት?

በባዕድ ከተማ ታክሲ ላይ የሚሸወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸወደው መንገድ ላይ አይደለም፤ ገና ሳይሳፈር ነው። ሻንጣው ተጭኗል፣ በሩ ተዘግቷል፣ መኪናው ተንቀሳቅሷል። ከዚህ በኋላ «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድርድር ሳይሆን ልመና ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ ሹፌሩ በሜትር (ሂሳቡን በሚቆጥረው ማሽን) እሄዳለሁ እስኪል ወይም ዋጋው እስኪቆረጥ ድረስ ሻንጣችሁ ከእጃችሁ አይውጣ። የቀረው ሁሉ ይህን በልበ ሙሉነት ለማድረግ የሚያስፈልግ ዝግጅት ነው።

## ደረጃ 1፦ ሳትነሱ የሚያልቅ ሥራ

ይህን ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። ከረጅም በረራ በኋላ፣ ሲም ካርድ ሳይኖራችሁ፣ ሰው እየጎተታችሁ የሚሠራ የቤት ሥራ አይደለም።

1. ከተማው በምን እንደሚሠራ እወቁ። ሜትር ግዴታ ነው? ከኤርፖርት ቁርጥ ዋጋ አለ? ወይስ ሁሉም በስምምነት ነው? መልሱን ከኤርፖርቱ ድረ ገጽ ወይም ከከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ውሰዱ። ታሪፍ በየጊዜው ይቀየራል። ስለዚህ የቆየ የጉዞ ጽሑፍ አትመኑ፤ እዚህ የምጠቅሳቸውንም ቁጥሮች ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

2. ሕጋዊው ታክሲ ምን እንደሚመስል እወቁ። ካይሮ ውስጥ ሜትር ያላቸው ነጫጮቹ ናቸው። ሆንግ ኮንግ ቀዩ የከተማው፣ አረንጓዴው ከመሃል ከተማው ወጣ ያለው የኒው ቴሪቶሪስ፣ ሰማያዊው የላንታው ደሴት ነው። ሞሮኮ ውስጥ የትንሹ ታክሲ ቀለም እንደየከተማው ይለያያል፤ ካዛብላንካ ቀይ፣ ራባት ሰማያዊ ነው። ይህ ትንሹ ታክሲ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም፣ ከከተማም አይወጣም። አራት ሆናችሁ ስትጠይቁት እምቢ ቢላችሁ እየሸወዳችሁ አይደለም፣ ሕጉን እያከበረ ነው።

3. ሕጋዊ ጭማሪዎቹን ጻፉ። ባንኮክ ሱቫርናብሁሚ ኤርፖርት ከተራ ለሚነሳ ታክሲ ሜትሩ ላይ 50 ባት ይጨመራል፤ የፈጣን መንገድ ክፍያም የተሳፋሪው ነው። ዱባይ ከኤርፖርት ስትነሱ ሜትሩ የሚጀምረው ከ25 ድርሃም ነው፤ በመንገድ ላይ የሚታለፉ የሳሊክ (የመንገድ ክፍያ) በሮችም ይታሰባሉ። ቶኪዮ ከሌሊቱ 4 እስከ 11 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር ከ22:00 እስከ 5:00) 20 በመቶ ይጨምራል። ሲንጋፖር ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጭማሪው 50 በመቶ ነው። ኢስታንቡል ግን የሌሊት ታሪፍ የለም፤ «ማታ ስለሆነ እጥፍ ነው» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ከመኪናው ራቁ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ሕጋዊውን ጭማሪ ይከራከራል፣ ሕገ ወጡን ዝም ብሎ ይከፍላል።

4. ዋጋውን ራሳችሁ ገምቱ። ካርታ ላይ ርቀቱን እዩ። መነሻ ሂሳብ ሲደመር ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ዋጋ ነው። ለምሳሌ መነሻው 30፣ ኪሎ ሜትሩ 10፣ መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ከሆነ 150 ይመጣል። ለመጨናነቅ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት፣ 200 ይሆናል። የእናንተ ክልል ከ150 እስከ 200 ነው። 220 ቢጠየቅ አትደንግጡ፤ 500 ከተባለ ግን ውረዱ። የታክሲ አፕ ካላችሁ በተመሳሳይ መንገድ ላይ የሚያሳየውን ዋጋ እዩ። በአፑ ባትሄዱም እንኳ ከምንም የተሻለ መለኪያ ነው።

5. አድራሻውን በአገሩ ፊደል ያዙ። የሆቴሉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከሆነ ባንኮክም ሆነ ካይሮ ብዙ አይጠቅምም። ከሆቴሉ ገጽ ላይ በአገሩ ፊደል የተጻፈውን ስክሪንሾት አድርጉ። አጠገቡ ያለ ትልቅ ሕንፃ ወይም አደባባይ ስምና የሆቴሉን ስልክ ጨምሩበት። የከተማውን ካርታ ኦፍላይን አውርዱ፤ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

6. ዝርዝር ገንዘብ አዘጋጁ። ከኤቲኤም የሚወጣው ትልልቅ ኖት ነው። ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ውሃ ወይም ማስቲካ ግዙና አስዘርዝሩ። የታክሲውን ገንዘብ ከዋናው ቦርሳ ለይታችሁ ሌላ ኪስ ውስጥ አድርጉ። ሹፌር ፊት ወፍራም ቦርሳ እየከፈቱ «ገንዘብ የለኝም፣ ቀንስልኝ» ማለት አያምርም፣ አያዋጣምም።

## ደረጃ 2፦ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ብዙ ሰው ሜትር ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ አይደለም። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ሕጋዊ ቁርጥ ዋጋ ካለ እሱን ያዙ። ኒው ዮርክ ከጄኤፍኬ ኤርፖርት ማንሃተን ቁርጡ 70 ዶላር ነው፤ የድልድይና የዋሻ ክፍያ፣ አንዳንድ ጭማሪዎችና ቲፕ ከዚያ ውጭ ናቸው። ፓሪስም ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ከኤርፖርት ወደ ከተማ ቁርጥ ዋጋ አላት፤ የምትሄዱበት ሰፈር ከሴን ወንዝ በስተቀኝ ወይም በስተግራ እንደሆነ ይለያያል። ሮም ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ቁርጡ የሚሠራው በድሮው የኦሬሊያን ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁርጥ ዋጋ ድንበር አለው። ከጄኤፍኬ ወደ ብሩክሊን የምትሄዱ ከሆነ 70 ዶላሩ አይመለከታችሁም፣ በሜትር ነው። አድራሻችሁ ከድንበሩ ውስጥ መሆኑን ቀድማችሁ ካርታ ላይ እዩ።

ሜትር በትክክል የሚሠራበት ከተማ ከሆነ በሜትር ሂዱ። ቶኪዮ፣ ሲንጋፖር፣ ዱባይ፣ የለንደን ጥቁሮቹ ታክሲዎች እዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ከተሞች ላይ ዋጋ ልቁረጥ ማለት ራስን ፋራ ማድረግ ነው።

ስምምነት የሚሻልባቸው ጊዜያት አሉ። ከከተማ ውጭ መሄድ፣ ደርሶ መልስ ከነመጠበቁ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ የቆመበት የሥራ መውጫ ሰዓት፣ እንደ ባንኮክ ቱክ ቱክ (ባጃጅ) ያለ ጭራሽ ሜትር የሌለው ተሽከርካሪ። ሜትር በዝግታ ስትሄዱና ስትቆሙም ይቆጥራል። ስለዚህ ከባድ መጨናነቅ ውስጥ ልከኛ ቁርጥ ዋጋ ከሜትር ሊረክስ ይችላል።

የጋራ ወይስ ለብቻ? አንዳንድ ከተማ ላይ ያው መኪና ሁለት ዋጋ አለው። ቤይሩት ውስጥ «ሰርቪስ» ካላችሁ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ይጭናል፣ ዋጋውም በነፍስ ወከፍ ነው። «ታክሲ» ካላችሁ መኪናው የእናንተ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ። የሞሮኮ ትልቁ ታክሲም በወንበር ይሸጣል። ሙሉውን መኪና መያዝ የፈለገ የሁሉንም ወንበር ሂሳብ ይከፍላል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትጠይቁት ለወንበር ነው ወይስ ለመኪናው፣ ለዩ።

## ደረጃ 3፦ ከኤርፖርት አወጣጥ

1. አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚቀርባችሁን ሰው አልፉት። አትከራከሩ፣ ዋጋ አትጠይቁ፣ አትቁሙ። ዋጋ ከጠየቃችሁት መንገዱን ሁሉ ይከተላችኋል። ሻንጣችሁን «ልርዳችሁ» ብሎ ከያዘ መልሳችሁ ያዙት።
2. የታክሲ ምልክቱን እየተከተላችሁ እስከ ሕጋዊው ተራ ሂዱ። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ተሰለፉ።
3. ቅድመ ክፍያ ካለ ክፈሉና ወረቀቱን ያዙ። ዴልሂ ኤርፖርት ፖሊስ የሚያስተዳድረው የቅድመ ክፍያ መስኮት አለ። ወረቀቱን ለሹፌሩ የምትሰጡት ስትደርሱ ብቻ ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው በእሱ ስለሆነ ወረቀቱ በእጃችሁ እስካለ ድረስ መንገድ ላይ አይጥላችሁም። ሜክሲኮ ሲቲ ኤርፖርትም አዳራሹ ውስጥ ካሉ የተፈቀደላቸው ታክሲዎች መስኮቶች ቲኬት ይገዛል።
4. ባንኮክ ኤርፖርት የታክሲ ተራው ላይ ካለው ማሽን የምታወጡት ወረቀት የተራ ቁጥር ይዟል። ወረቀቱን ለሹፌሩ አትስጡት። ቅሬታ ቢኖራችሁ ወይም ዕቃ ብትረሱ ሹፌሩ የሚገኘው በእሱ ነው።

*ተራው ላይ ማንም ከሌለስ?* ሌሊት ከሆነ የኤርፖርቱን የመረጃ ዴስክ ወይም ጥበቃውን ጠይቁ፣ ወይም በኤርፖርቱ ዋይፋይ በአፕ ጥሩ። ጨለማ ፓርኪንግ ድረስ «መኪናዬ እዚያ ጋ ነው» የሚልን ሰው ተከትላችሁ አትሂዱ።

## ደረጃ 4፦ መኪናውን በዓይን መፈተሽ

አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጣሪያው ላይ የታክሲ ምልክት አለ? በሩ ላይ የኩባንያ ስም ወይም ቁጥር ተጽፏል? የሹፌሩ ፎቶና መታወቂያ ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል? ሜትሩ የት ነው ያለው? ታርጋውን ፎቶ አንሱና ለምታውቁት ሰው ላኩ። ሹፌሩ እያየ ብታነሱት ይበልጥ ጥሩ ነው።

ስሙን በደንብ አንብቡ። ቬትናም ውስጥ የታወቁ ኩባንያዎችን ቀለምና ስም አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ቀይረው የሚሠሩ መኪኖች ነበሩ፣ አሉም። ለንደን ላይ ደግሞ ከመንገድ እጅ ተነስቶ የሚያዘው ጥቁሩ ታክሲ ብቻ ነው። ሚኒካብ የሚባሉት ቀድመው በስልክ ወይም በአፕ መያዝ አለባቸው። መንገድ ላይ ቆሞ «ሚኒካብ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ሰው ሕግ እየጣሰ ነው።

## ደረጃ 5፦ በሜትር ስትሄዱ

1. በሩን ከፍታችሁ፣ ሳትገቡ መድረሻውን ንገሩ። ስክሪንሾቱን አሳዩ። ቦታውን ማወቁን አረጋግጡ።

2. «በሜትር» በሉ። ጥያቄ አታድርጉት። «በሜትር ትሄዳለህ?» ስትሉ እምቢ ለማለት በር ትከፍታላችሁ። መድረሻውንና «በሜትር» የሚለውን አያይዛችሁ እንደ ነገሩ ልማድ ተናገሩ። ሜትር የሚለው ቃል በብዙ አገር ይገባል፤ ካልገባ በጣት ማሽኑን ማሳየት ይበቃል።

3. እሺ ካለ በኋላ ሻንጣ ይጫን። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ላፕቶፕ ያለበት ቦርሳ ግን ከኋላ አይጫንም፣ ከእናንተ ጋር ይገባል።

4. መኪናው ሲነሳ ማሽኑን እዩ። መታየት ያለበት የመነሻ ሂሳቡ ብቻ ነው። ባንኮክ መደበኛ ታክሲ ከ35 ባት ይጀምራል። 120 ላይ ካገኛችሁት የቀድሞው ሰው ሂሳብ አልተሰረዘም ማለት ነው። ወዲያው በጣት አሳዩና ከመጀመሪያው እንዲያስጀምር አድርጉ። አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ይህን ማስተካከል ከባድ ነው።

5. የታሪፉን ቁጥር እዩ። ብዙ ሜትሮች ከዋጋው ጎን 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ትንሽ ቁጥር ያሳያሉ። የቀን፣ የሌሊትና የበዓል ታሪፍ ነው። ለንደን ላይ 1 የሥራ ቀን፣ 2 የምሽትና የቅዳሜና እሁድ ቀን፣ 3 የሌሊትና የበዓል ነው። በቀን ብርሃን የሌሊቱ ቁጥር ከበራ ጠይቁ። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ የጄኤፍኬ ቁርጥ ዋጋ ራሱን የቻለ ኮድ አለው፤ 2 ነው።

6. ነጥቡን አንብቡ። ቬትናም ላይ ሜትሩ የሺዎቹን ዜሮ ይተዋል። 45.0 ማለት 45 ሺህ ዶንግ ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ አንድ ዲናር 1000 ፊልስ ነው፤ 1250 ፊልስ ማለት አንድ ዲናር ከሩብ እንጂ 12 ዲናር ከግማሽ አይደለም። ይህን ባለማወቅ አሥር እጥፍ የሚከፍል ሰው አለ። ሹፌሩ ላይ የሚጮህም አለ።

### «ሜትሩ ተበላሽቷል» ሲባል

ገና ካልገባችሁ፦ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ሌላ ያዙ። ክርክር አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ሁለት እርምጃ ስትሄዱ ሜትሩ ይድናል።

ከገባችሁና መኪናው ከተነሳ፦ በተረጋጋ ድምፅ «ሜትር ከሌለ እዚህ አቁም» በሉ። ካበራው ጥሩ። ካላበራውና ሰው ያለበት ቦታ ከሆነ ውረዱ። ዝናብ ወይም ሌሊት ሆኖ መውረድ ካልቻላችሁ ቶሎ ወደ ደረጃ 6 ተሻገሩና ዋጋ ቁረጡ። ዝም ብሎ መቀጠል ከሦስቱም የከፋ ነው።

### ሜትሩ እየሮጠ ከመሰላችሁ

መኪናው ሲቆም ቀስ እያለ መጨመሩ ጤነኛ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ መዝለሉ ግን አይደለም። ክፍት መንገድ ላይ ካርታችሁን ከፍታችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ለኩና ስንት እንደጨመረ እዩ። ከታወቀው የኪሎ ሜትር ዋጋ እጥፍ ከሆነ የሚታይ ቦታ ላይ አስቁሙ፣ እስከዚያ ያለውን በራሳችሁ ግምት ከፍላችሁ ውረዱ። ማሽኑን ፎቶ አንሱ።

## ደረጃ 6፦ በስምምነት ስትሄዱ

ድርድር የሚያሸንፈው ጮክ ብሎ የሚናገር ሳይሆን ትቶ መሄድ የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ቦታ ምረጡ። ከቱሪስት መስህብ ወይም ከትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ርካሽ ደንበኛ እየጠበቀ አይደለም። አንድ ሁለት መቶ ሜትር ራቁና የሚያልፍ መኪና አስቁሙ።

1. መጀመሪያ ሌላ ሰው ጠይቁ። የሆቴል ተቀባይ፣ ባለ ሱቅ፣ ውሃ የሸጠላችሁ ልጅ። «እዚህ ጋ ለመሄድ አንተ ስንት ትከፍላለህ?» በሉ። «ስንት ነው?» ካላችሁ የውጭ ሰው ዋጋ ሊነግራችሁ ይችላል።

2. መኪናው ውጭ ቆማችሁ ተነጋገሩ። በመስኮት በኩል። በሩን አትክፈቱ።

3. ዋጋውን ካወቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ ጥሩ። ካላወቃችሁ እሱ ይጥራ። ይህ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር ነው። መለኪያ ሳይኖራችሁ ቀድማችሁ ስትጠሩ ወይ ራሳችሁን ትጎዳላችሁ ወይ ሰውዬውን ትሰድባላችሁ። መለኪያችሁ 200 ከሆነ 150 ብላችሁ ጀምሩ። 40 ማለት ነቄነት አይደለም፤ ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል፣ ትክክልም ነው።

4. ቁጥሩን ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ከፍታችሁ አሳዩ። በእንግሊዝኛ ፊፍቲንና ፊፍቲ በመንገድ ጫጫታ አይለዩም፤ በጣት መቁጠርም ከአገር አገር ይለያያል። የተጻፈውን ስክሪንሾት ያዙ።

5. እነዚህን አንድ በአንድ አጣሩ። ለሁላችን ነው ወይስ ለአንድ ሰው? በየትኛው ገንዘብ? ሻንጣ ተካቷል? የመንገድ ክፍያ ተካቷል? ሄዶ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? በመጨረሻ የሚፈጠር ጠብ አብዛኛው ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ሳይጠየቅ የቀረ ነው። «100» ተብሎ ተስማምቶ ሲወርዱ «በነፍስ ወከፍ ነው» ወይም «ዶላር ነው» መባል የቆየ ዘዴ ነው።

6. ካልተስማማችሁ ሂዱ። የማስመሰል ሳይሆን የእውነት። ከኋላ ከጠራችሁ ተመለሱ። ካልጠራችሁ ዋጋችሁ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ለቀጣዩ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሦስት ሹፌሮች ተመሳሳይ ዋጋ ከነገሯችሁ የዚያ ሰዓት ገበያ እሱ ነው፤ ተቀበሉት።

7. ያላችሁትን ዋጋ ከተቀበለ ግቡ። «ሌላም ልጠይቅ» ማለት ነውር ነው፣ በሁሉም አገር።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ልቀቁት። ለሳንቲም ብሎ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆም ትርፍ የለውም።

### ለቀኑ ሙሉ ወይም ለደርሶ መልስ ስትይዙ

የምትሄዱባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ ነዳጅና ፓርኪንግ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። «ለነዳጅ» ብሎ ከጠየቀ ትንሽ ስጡ፣ ከጠቅላላው እንደሚቀነስ በቁጥር ጽፋችሁ አሳዩት። መጨረሻው ላይ ስትመለሱ ነው የሚዘጋው። ሱቅ መጎብኘት እንደማትፈልጉም አሁኑኑ ተናገሩ። ዋጋው በጣም ረክሶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሱቅ ነው፤ ሹፌሩ ኮሚሽን ይከፈለዋል። በባንኮክ ቱክ ቱኮች ይህ የታወቀ ነው።

## ደረጃ 7፦ መንገድ ላይ

ከኋላ ተቀመጡ። ካርታውን ክፈቱና ስልኩን ሹፌሩ በሚያየው መልኩ ያዙት። መንገዱ ከካርታው ትንሽ ቢለይ አትንጫጩ፤ ሹፌሩ የተዘጋውን መንገድ ከስልካችሁ በተሻለ ያውቃል። ወደ ተቃራኒው ከሄደ ግን ጠይቁ። በቁርጥ ዋጋ ከሆነ ዙሪያ ጥምጥሙ የሱ ኪሳራ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቃችሁ። በሜትር ከሆነ ነው ንቁ መሆን ያለባችሁ።

*«ያ ሆቴል ተዘግቷል፣ ሌላ ጥሩ አውቃለሁ» ካለ፦* «ከፍያለሁ፣ እየጠበቁኝ ነው» በሉና ሆቴሉ ጋ ደውሉ። ባይነሳም በሉት፦ «እዚያው አድርሰኝ፣ በዓይኔ ልየው።»

*ጓደኛውን ወይም ሌላ ሰው ሊጭን ከቆመ፦* የጋራ ታክሲ ካልያዛችሁ እምቢ በሉ። ከጫነ ሰው ባለበት ቦታ ውረዱ።

*የመጀመሪያ ጉዞ ነው ብላችሁ አትናገሩ።* «ከዚህ በፊት መጥተሃል?» ሲባል «አዎ» ማለት ትንሽ ውሸት ናት፣ ግን ገንዘብ ታድናለች።

## ደረጃ 8፦ መክፈልና መውረድ

1. ስትቃረቡ ገንዘቡን አዘጋጁ። መኪናው ሲቆም የሜትሩን ቁጥር አንብቡ፤ ሹፌሩ ቶሎ አጥፍቶ ከአፉ ቁጥር ሊናገር ይችላል። የሚጠፋ ከመሰላችሁ ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ።
2. ሻንጣ ቀድሞ ይውረድ፣ ክፍያ ቀጥሎ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ተቀምጦ ይቆይ፣ ሌላው ሻንጣ ያውርድ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሻንጣ ለማውረድ ስትወጡ በራችሁን ክፍት ተዉት። በሩ ተከፍቶ መኪና ይዞ መሄድ ይከብዳል።
3. ኖት ስትሰጡ አንድ በአንድ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቆጥሩ፦ «መቶ፣ ሁለት መቶ።» ይህ የኖት መቀየር ዘዴን ይዘጋዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ትልቁን ትሰጣላችሁ፣ ሹፌሩ በፍጥነት በትንሽ ቀይሮ «የሰጣችሁኝ ይህን ነው» ይላል። በተለይ ገንዘቡን ገና ባልለመዳችሁበት የመጀመሪያ ቀን ይሠራል።
4. በካርድ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ማሽን እንዳለ ጠይቁ። ማሽኑ «በአገራችሁ ገንዘብ ወይስ እዚህ ባለው?» ካለ ሁልጊዜ እዚያ ባለው ገንዘብ ምረጡ፤ የሌላው ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ለንደን ጥቁር ታክሲዎች ካርድ የመቀበል ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ እዚያ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ቢባል ግዴታውን ማስታወስ ትችላላችሁ።
5. ቲፕ እንደ አገሩ ነው። ኒው ዮርክ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። ቶኪዮ ቲፕ የለም፤ ብትሰጡ ይመልስላችኋል። ቶኪዮ ላይ የኋላውን በር ራሳችሁ አትክፈቱ፣ አትዝጉ፤ ሹፌሩ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

## መጨረሻ ላይ ነገር ሲበላሽ

ከተስማማችሁት በላይ ከጠየቀ፦ የጻፋችሁትን ቁጥር አሳዩ። ትክክለኛውን ገንዘብ በእጁ ስጡ። ካልተቀበለ መቀመጫው ላይ አስቀምጡት፣ አመስግኑና ውረዱ። ሻንጣው ቀድሞ ወርዷል፣ ስለዚህ የምታጡት ነገር የለም። ድምፃችሁን አታንሱ።

«መልስ የለኝም» ካለ፦ «እሺ፣ ሱቅ ሄጄ ልዘርዝር» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ይገኛል። ሆቴል ከደረሳችሁ ተቀባዩን ዘርዝርልኝ በሉት።

ሻንጣው ገና መኪናው ውስጥ ሆኖ ካስፈራራ፦ የሆቴሉን ጥበቃ ወይም ተቀባይ ጥሩ። «ፖሊስ ልጥራ» ማለትና የታርጋውን ፎቶ ማሳየት ይረዳል። ብቻችሁን፣ ጨለማ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ክፈሉ። ለገንዘብ ብሎ ሕይወትን መወራረድ አያስፈልግም። ታርጋው ፎቶ ላይ አለ፣ ጠዋት ትከሳላችሁ።

ቅሬታ ስታቀርቡ፦ ታርጋ፣ የመኪናው ቁጥር፣ ሰዓት፣ የት እንደተሳፈራችሁና የት እንደወረዳችሁ፣ የተከፈለው ገንዘብ። ይህን በዚያው ቀን ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ለኩባንያው ወይም ለአፑ ላኩ። በአፕ የተሄደ ጉዞ ከሆነ ቀላል ነው፤ መንገዱ ራሱ ተመዝግቧል።

ዕቃ ከረሳችሁ፦ ደረሰኝ ጠይቁ የሚባለው ለዚህ ነው። በብዙ ከተማ ደረሰኙ ላይ የመኪናው ወይም የሹፌሩ ቁጥር አለ። ደረሰኝ ከሌላችሁ በደረጃ 4 ያነሳችሁት የታርጋ ፎቶ ይተካዋል። ለኩባንያው ወዲያው ደውሉ፤ ሌላ ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት ስልክ የደረሰው ሹፌር ዕቃውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሹፌሩ ይዞላችሁ ከመጣ የመጣበትን መንገድ ሂሳብ ክፈሉት፣ በሜትር።